ውሉ የጠፋበት ውል

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፍርድ ቤት አጠገብ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የመኪና ሽያጭ፣ ያልጻፍነው የለም። ባለጉዳዩ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ፋይሉ እኛ ጋ ይቀራል። ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይመጣና ያችኑ ወረቀት አንድ መስመር ቀይረን እንድናትምለት ይጠይቃል። ወረፋው በር ላይ ደርሷል። እሱ ከጀርባዬ ቆሞ ስክሪኑን ያያል። እኔ «ውል» ብዬ፣ ስሙን ጨምሬ እፈልጋለሁ። የለም ይለኛል።

ፋይሉ ግን አለ። ፎልደር በፎልደር እየከፈትኩ ስሄድ ከስንት ድካም በኋላ ከች ይላል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስፈልግ ሦስት ፊደል ሳልጨርስ ይመጣል። አማርኛው ለምን ያስቸግራል? የፋይሉን ስም ብቻ ሳይሆን ውስጡ የተጻፈውን ጭምር የሚፈልግ፣ ለእንደኛ ዓይነቱ ሥራ የሚሆን ምን ታውቃላችሁ? ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10 ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ። ኢንተርኔታችን አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም። ስለዚህ ሁሉንም ኦንላይን አስቀምጪው የሚል ምክር ይቅርብኝ።

ከታች ያሉት የመጡልኝ መልሶች ናቸው። ክሩ ስለረዘመ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው እንዳይንገላታ ብዬ፣ ቁጥራቸውን ጠብቄ በራሴ አነጋገር አሳጥሬያቸዋለሁ። ስድቡን ቀነስኩ እንጂ አላጠፋሁትም።

መልሶች

1. የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አድርሶ ፋይሎቹ የት እንደተቀመጡ ጠየቀኝ። ዲ ላይ ናቸው አልኩት። ችግሩ ከዚያ እንደሚጀምር አስረዳኝ። ዊንዶውስ ሁሉንም ቦታ እኩል አያነብም። አስቀድሞ እያነበበ ማውጫ የሚያዘጋጅለት የተወሰነ ቦታ ነው። ማንም ካልነካካው ዴስክቶፑንና ዶክመንትስ፣ ፒክቸርስ የሚባሉትን የተጠቃሚውን ፎልደሮች ነው የሚያካትተው። ዲ ራሳችን ካልጨመርነው ማውጫው ውስጥ የለም። መጨመሪያው ኢንዴክሲንግ ኦፕሽንስ የሚባለው ቦታ ነው።

2. ሁለተኛው ይህንኑ አጽንቶ አንድ ነገር አከለ። ማውጫ ውስጥ ያልገባ ፎልደር ላይ ስንፈልግ ኮምፒውተሩ የሚያየው የፋይሉን ስም ብቻ ነው። ውስጡንም እንዲያነብ ከፈለግን ፎልደር ኦፕሽንስ ገብተን፣ ሰርች በሚለው ገጽ ላይ ስምንም ይዘትንም ሁልጊዜ እንዲፈልግ የሚያዘውን ሳጥን ምልክት ማድረግ አለብን። ይሠራል፤ ግን ይንቀረፈፋል። ባለጉዳይ አስቁሞ የሚጠበቅ አይደለም።

3. አንድ መስመር ናት። ኤቭሪቲንግን ጭኜ እንድገላገል።

4. አራተኛው ለሦስተኛው ማብራሪያ ሆነለት። ኤቭሪቲንግ ቮይድቱልስ የሚያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። ፎልደር ለፎልደር እየዞረ ፋይል አይቆጥርም። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ዲስክ የፋይሎቹን ስም ሁሉ የያዘ አንድ ሰንጠረዥ አለው፤ ፕሮግራሙ ያንን ሰንጠረዥ በቀጥታ ያነባል። ሠሪዎቹ እንደሚሉት አንድ ሚሊዮን ፋይል ለመመዝገብ አንድ ደቂቃ ያህል ይወስድበታል፤ ከራምም 75 ሜጋ ገደማ ይበቃዋል። የኔ ባለ 4 ጊጋ አሮጌ እንኳ አይጨናነቅም ማለት ነው። ፍላሽ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰንጠረዥ የለም፤ ፍላሹን እንደ አንድ ፎልደር ለብቻው ማስመዝገብ ያስፈልጋል። እኔ ከሁሉ የወደድኩለት ሌላ ነገር ነው። የጻፍኩለትን ከስሙ መሀልም ይሁን መጨረሻ ላይ ያገኘዋል። «የቤትኪራይውል» ተብሎ ተጣብቆ የተጻፈውም «ውል» ስለው ይመጣል።

5. አምስተኛው ቆጣ ብሎ ገባ። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ውስጡ ነው፣ እናንተ ስለ ስም ታወራላችሁ ነው ነገሩ ሲጨመቅ። እውነት አለው። «ልጅቷ» ማለቱን ግን ታዝቤዋለሁ።

6. ስቶክሆልም የሚኖር ፕሮግራመር ነው። ከሁሉም ዓይኔን የገለጠልኝ እሱ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የዊንዶውስ ማውጫ ቃላትን የሚያመሳስለው ከመጀመሪያው ፊደል ተነስቶ ነው። ለእንግሊዝኛ ይህ ያዋጣል። ቃሉ ሲረባ ጭማሪው ባብዛኛው ከኋላ ስለሚመጣ፣ መነሻው ከተያዘ ሁሉም ተያዘ። አማርኛ ግን ከፊትም ይቀጥላል። የውል፣ በውል፣ ከውል፣ ስለውል፣ ያለውል። «ውል» ብዬ ስፈልግ «በውል» አይመጣልኝም። ለማሽኑ በ ብሎ የሚጀምር ሌላ ቃል ነው።

ይሄ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እኔ ጨርሶ አስቤው የማላውቀው ነበር። በላቲን ፊደል አናባቢው ለብቻው ስለሚጻፍ ቃሉ ላይ ሲጨመር ተነባቢው አይነካም። በኛ ፊደል ግን ሆሄው ራሱ ይለወጣል። ውል፣ ውሉ፣ ውሎች፣ ውላችን፣ ውሌ። ል፣ ሉ፣ ሎ፣ ላ፣ ሌ ለኮምፒውተሩ የማይተዋወቁ አምስት ፊደላት ናቸው። ስለዚህ «ውል» ብሎ የፈለገ ሰው «ውሉ» የሚለውን አያገኝም። ኤቭሪቲንግም ቢሆን አያገኝለትም። እስቲ የኛን ወረቀት አስቡት። ከርዕሱ ወርዳችሁ ስታነቡ የውሉ ዘመን፣ በውሉ አንቀጽ፣ ውላችንን ብናፈርስ ነው የሚለው። «ውል» ብቻውን የቆመበት ቦታ ከስንት አንዴ ነው።

7. የሦስተኛው ባለቤት ተመልሶ ከአምስተኛው ጋር ተጨቃጨቀ። አንዲት መስመር መጻፍ ምን ነውር አለው ነው። አምስተኛውም ዝም አላለም። ይለፈን።

8. እስካሁን ካሉት ሁሉ ወደ ሥራው የቀረበችው ይህች ናት። ዕድሜዋን ሙሉ በጸሐፊነት የሠራች ሴት መሆኗን ነገረችን። ሌላ ሳልል አንድ ነገር እንዳይ አዘዘችኝ፦ ኮፒ ቤቱ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ውን የምትጽፈው እንዴት ነው?

ሄጄ አየሁ። በድምፅ በሚሠራው ኪቦርድ ደብልዩን ብቻ ስትመታ ው ይወጣል፤ ደብልዩ ብላ ዩን ስታስከትል ዉ ይወጣል። ልጅቷ ሁልጊዜ ዩን ታስከትላለች። ስለዚህ እሷ የጻፈችው ሁሉ «ዉል» ነው። እኔ የጻፍኩት ሁሉ «ውል» ነው። አንድ ኮምፒውተር ላይ፣ አንድ ፎልደር ውስጥ፣ የሁለታችን ሥራ ተለያይቶ ኖሯል። በዓይን ሲታይ ልዩነቱ ጭረት ታህል ናት፤ ለማሽኑ ግን ሌላ ፊደል ነው። ለእህቴ ምስጋናዬ ይድረሳት።

9. ከዚያማ ሰው ሁሉ የራሱን ይዞ መጣ። ዘጠነኛው ጎንደርና ጐንደርን አነሳ፤ ቁጥርና ቊጥርን ጨመረ። ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ደግሞ ሒሳብ ሠራልን። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ፣ መነሻው ጸ ወይም ፀ ነው፤ መሀሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት አጻጻፍ። ሁሉም ሲነበቡ አንድ ናቸው።

10. አሥረኛው፣ ይህ ሁሉ መከራ ሞክሼ ፊደላትን ካለመቀነስ የመጣ ነው አለና እሳቱን ለኮሰው።

11. አሥራ አንደኛው ነዳጅ አርከፈከፈበት። ፊደል የሚያስቀንስ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ በዝርዝር ጻፈ። ይህ ክርክር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው፤ ከኮምፒውተርም በኋላ ይኖራል። እዚህ አልደግመውም።

12. ነገሩን ያበረደው ጠበቃ ነው። ፊደል ቢቀነስም ባይቀነስም እኔን እንደማይጠቅመኝ አሳየ። የባለጉዳይ ስም መታወቂያው ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት። መታወቂያው «ጸሀይ» ካለ ጸሐፊዋ «ፀሐይ» ብላ ብታርመው፣ ነገ ሌላው ወገን ሰውየው ሌላ ነው ብሎ መቃወሚያ ያነሳበታል። ስለዚህ ቤት ውስጥ አንድ ወጥ አጻጻፍ ይኑረን የሚለው ምክር ለሌላው ቃል ይሆናል፤ ለስም አይሆንም።

13. እዚህ ላይ የስቶክሆልሙ ሰው ተመለሰና መድኃኒቱን አመጣ። ኤቭሪቲንግ ውስጥ ኮንትሮልንና አርን አንድ ላይ ሲጫኑ ሬጌክስ የሚባለው ዘዴ ይበራል። ከዚያ በኋላ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተደረደሩ ፊደላት «ከነዚህ አንዱ» የሚል ትርጉም ይኖራቸዋል። ለፀሐይ እንዲህ ይጻፋል፦

[ጸፀ][ሀሃሐሓኀኃ]ይ

አሥራ ሁለቱም በአንዴ ይመጣሉ። ለውል ደግሞ፦

[ውዉ][ለ-ሎ]

ሰረዟ ከለ እስከ ሎ ያሉትን ሁሉ ማለት ናት። የሚሠራበትም ምክንያት አለው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ፣ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ ልክ ልጅ ሆነን እንደቆጠርናቸው ተከታትለው ነው የተቀመጡት። ሌሎቹም ቤቶች እንዲሁ። እኔ ይህንን በትልቁ አትሜ ስክሪኑ ጎን ለጥፌዋለሁ። ልጅቷም ለምዳዋለች።

14. አሥራ አራተኛው ቀልደኛ ነው። በዚህ አያያዝ ትውልድም፣ ውለታም፣ መውለድም አብረው እንደሚመጡ አስታወሰን። እውነቱን ነው። ማመልከቻ ሁሉ የትውልድ ዘመን ይጠይቃል። መፍትሔው ብቻውን አለመፈለግ ነው፤ ከባለጉዳዩ ስም ጋር ሲሆን ይጠራል።

15. ወደ ጥያቄዬ የመለሰን ይህኛው ነው። የፋይል ውስጥ ለመፈለግ ኤጀንት ራንሳክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሚቲክሶፍት የተባለው ድርጅት ነው የሚያወጣው። ማውጫ አያዘጋጅም። በጠየቅነው ጊዜ ፋይሎቹን ራሱ እየከፈተ ያነባል፤ ወርዱንም ፒዲኤፉንም። ያገኘበትን መስመር በቀኝ በኩል ያሳያል። ሬጌክሱንም ይቀበላል። ዘገምተኛ ነው፤ ግን አንድ ዓመት የተጻፈበትን ፎልደር ብቻ ከሰጡት ያን ያህል አያስጠብቅም። ኤቭሪቲንግም ውስጥ እንዲያነብ ማዘዝ ይቻላል፤ ኮንተንት ብሎ ሁለት ነጥብ ማስከተል ነው። እሱም ያኔ እንደ ስሙ ፍለጋ አይፈጥንም።

16. ከዱባይ የሚጽፍ፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስን የሚጠቀም ሰው ነው። ሊኑክስ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማይነሳ፣ ግሬፕ የሚባለው የጽሑፍ መፈለጊያ በፈረንጆቹ ከ1973 ጀምሮ ይህንን ሥራ እየሠራ እንደሆነ፣ የኛ ሰው ግን ዊንዶውስን መተው እንዳቃተው ነገረን። ማንም አልጠየቀውም።

17. ወዲያው መልስ አገኘ። ከ2007ቱ ኦፊስ ወዲህ ያለው የወርድ ፋይል ተራ ጽሑፍ እንዳልሆነ፣ ተጨምቆ የታሸገ ጥቅል እንደሆነ፣ ግሬፕ ጥቅሉን ሳይፈታ ቢያነበው ምንም እንደማያገኝ አንዲት ሴት አስረዳችው። ጥቅሉ ቢፈታ እንኳ ወርድ አንድን ቃል ቆራርጦ የሚያስቀምጥበት ጊዜ አለ። መሀል ላይ አንድ ፊደል ከታረመ ወይም ከደመቀ ቃሉ ለሁለት ይከፈላል፤ በመሀሉም የማሽን ምልክት ይገባበታል። በስክሪን አንድ ቃል ነው፤ በፋይሉ ውስጥ ሁለት ቁራጭ። ኤጀንት ራንሳክን የመሰሉት ጥቅሉን ፈትተው ጽሑፉን ከገጣጠሙ በኋላ ነው የሚፈልጉት።

18. የዱባዩ ሰው ለዚህም ሪፕግሬፕ ኦል የሚባል እንዳለ ጻፈ። ልክ ነው፤ አለ። የአጻጻፉ ድምፅ ግን የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር።

19. ጋሼ መጡ። ጋሼ ያልኳቸው ሥራውን በዊንዶውስ 98 እንደጀመሩ ስለነገሩን ነው። እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ለአዲሱ ፋይል ብቻ መሆኑን አስታወሱን። ድሮ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የተጻፈ ብዙ ሰነድ ውስጡ አማርኛ የለውም። ያኔ የፊደላችን ቦታ በዩኒኮድ ገና አልተወሰነም ነበር፤ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ዊንዶውስም ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጋር፣ በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ፋይሉ የሚይዘው የላቲን ፊደልና ምልክት ነበር። ፎንቱ ነው እያለበሰ ሀ እና ለ አስመስሎ የሚያሳየን። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየው ዝብርቅርቅ እውነተኛው ይዘት ነው።

ዘዴያቸው እንዲህ ነው። ወርድ ክፈቺ። በዚያው በድሮው ፎንት የምትፈልጊውን ቃል ጻፊ። ኮፒ አድርጊና መፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ለጥፊው። ዝብርቅርቁ ይወጣል። ያንን ዝብርቅርቅ ፈልጊ። ሞከርኩት፤ የኮፒ ቤቱ የቀድሞዋ ባለቤት ትታቸው ከሄደች ሰነዶች አንዱን አወጣልኝ።

20. ሃያኛው በትሕትና አረማቸው። ዘዴው ሸጋ ነው፤ ግን በዊንዶውሱ ማውጫ ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ዝብርቅርቁ ውስጥ የጥያቄ ምልክትና ነጠላ ሰረዝ የመሰሉ ነገሮች አሉበት፤ ማውጫው እነሱን ቃል መለያ እያደረገ ይቆራርጠዋል። ፊደል በፊደል በሚያመሳስለው በኤጀንት ራንሳክ መሆን አለበት። አንዳንዱ የድሮ ፎንት ደግሞ አንዱን የኛን ፊደል በሁለት ቁራጭ ስለሚሠራው ቃሉን ሙሉውን መጻፍ ይሻላል። ዘላቂው መንገድ ግን ወደ ዩኒኮድ በሚለውጥ ፕሮግራም አንዴ ለውጦ መገላገል ነው። ጋሼም ተቀበሉት። እኔም እሱን ነው የያዝኩት።

21. ቀኑን ያነሳው ይህኛው ነው። ባለጉዳይ በ2010 ነው የጻፍሽልኝ ሲለኝ የኛን አቆጣጠር ነው የሚናገረው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የኛ 2010 በፈረንጆቹ ከመስከረም 11 ቀን 2017 እስከ መስከረም 10 ቀን 2018 ያለው ነው። መፈለጊያው ላይ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ብሎ ማጥበብ ይቻላል። እዚህ ላይ የሚታየው ቀን ፋይሉ የተቀየረበት እንጂ የተፈጠረበት መሆን የለበትም። ፋይል ወደ ሌላ ዲስክ ሲገለበጥ የተፈጠረበት ቀን አዲስ ይሆናል፤ የተቀየረበት ግን እንዳለ ይሻገራል። ኮምፒውተር የቀየረ ሰው ይህንን ቢያውቅ አይጎዳም።

22. ጠበቃው ተመለሰ። ለኔ ሥራ ከሁሉ የሚበልጠው የሱ ምክር ይመስለኛል፤ አንድም ፕሮግራም አይጠይቅም። የፋይል ስም ላይ ሁልጊዜ ቁጥር አድርጊ ነው ያለው። የመዝገብ ቁጥር ካለ የመዝገብ ቁጥር፣ ከሌለ የባለጉዳዩን ስልክ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች። 4 ሁልጊዜ 4 ነው። ሞክሼ የለውም፣ አይረባም፣ ከፊቱም ከኋላውም ቢጣበቅበት ኤቭሪቲንግ ያገኘዋል። ባለጉዳዩም ቁጥሩን ወረቀቱ ላይ ይዞት ነው የሚመጣው።

አያይዞም ያልጠበቅኩትን አነሳ። ፍ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ክ/ከተማ ብለን ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ ዊንዶውስ ግን በፋይል ስም ውስጥ ያቺን ዘንባላ መስመር አይቀበልም። ስለዚህ አንዱ ፍቤት ይላል፣ አንዱ ፍ.ቤት፣ አንዱ ፍ-ቤት። ስሙ ላይ ምሕጻር ባይገባ ይሻላል።

23. ሃያ ሦስተኛው ፋይሉ ጠፋ ስለው ሾርትከት ቫይረስ መስሎት ስለ ፍላሽ ረጅም ነገር ጻፈ። ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ወደ ሾርትከት ሲለወጡ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ሂድን የሚባሉትን እንዲያሳይ ማዘዝ ነው፤ ሾርትከቱን ግን መክፈት አይገባም። ጥያቄዬ እሱ አልነበረም፤ ግን የሚጠቅመው ሰው ስለማይጠፋ አልሰረዝኩትም።

24. ማክ ያለው ሰው መጣ። የማኩ መፈለጊያ ስፖትላይት በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ እንዳለና ይህ ሁሉ ጣጣ እሱን እንደማይመለከተው። ለዚህኛው አንድ ቀልደኛ የማክ መግዣውን እንዲልክልኝ ጠየቀልኝ። ሌላው ደግሞ ጉግል ዴስክቶፕን ናፈቀ፤ በ2004 የወጣውንና በ2011 የተቋረጠውን። ናፍቆቱ ያምርበታል፣ ግን ፕሮግራሙ የለም።

25. ከሁሉም የጎመዘዘው ይሄ ነው። የሰው ፍቺ፣ የሰው ዕዳ፣ የሰው የውርስ ጠብ በኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት ተቀምጦ ማየት እንዳስደነገጠው ጻፈ። እንዴት ፈልጌ ላግኘው ብዬ ከመጠየቄ በፊት ለምን ተቀመጠ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ አለ። አነጋገሩ ለስላሳ አልነበረም።

26. አንዷ ተከላከለችልኝ። ባለጉዳዩ ራሱ ነው የሚመለሰው፣ ፋይሉ ባይኖር እንደገና ከፍሎ ሊያስጽፍ ነው አለች። ይህም እውነት ነው። ደንበኛዬ አብዛኛው ፋይሉን የሚይዝበት ኮምፒውተር የለውም።

27. ጠበቃው ለሦስተኛ ጊዜ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን፣ የሰው መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውልና ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቆይ የሚል መርሕ እንዳለው ነገረን። ምክሩ ቀላል ነው። ሒሳብ ሲከፍል ጠይቂው፤ ይቀመጥልኝ ካለ አስቀምጪ፣ አይቀመጥ ካለ በፍላሹ ሰጥተሽ አጥፊ። ይህንን ጀምረናል። ብዙው ይቀመጥልኝ ነው የሚለው። ኮምፒውተሩም የይለፍ ቃል አለው፤ ከሁለታችን በስተቀር የሚነካው የለም።

28. የተቃኘ ፍርድስ እንዴት ይፈለጋል የሚል ጥያቄ መጣ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ፎቶ ነው። ውስጡ ፊደል ስለሌለ የትኛውም መፈለጊያ ምንም አያገኝበትም።

29. ለዚያ የመጣው መልስ፦ ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ መረጃ አለው፤ ያለ ኢንተርኔት ፎቶውን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ኢንተርኔት ላለው ደግሞ ጉግል ድራይቭ ላይ ጭኖ በጉግል ዶክስ መክፈት ይቻላል። ንጹሕ ህትመት ላይ ጥሩ ነው። ማኅተም ያረፈበትን መስመር ግን ያበላሸዋል፤ የእጅ ጽሑፍማ ተስፋ የለውም። እኔ ስካን ላደረግኩት ሁሉ ይህን ማድረግ አልችልም። የጠበቃውን መንገድ ይዤ ስሙ ላይ የመዝገብ ቁጥሩን እጽፍበታለሁ።

30. በቴሌግራም የተላከልኝን ፋይል ውስጡን መፈለግ ይቻላል ወይ ብሎ የጠየቀ አለ። ባለጉዳዮቼም አሁን አሁን ረቂቁን በቴሌግራም ነው የሚልኩልኝ፤ ስለዚህ መልሱን በጉጉት ጠበቅኩ።

31. አይቻልም። ቴሌግራም የሚፈልገው የፋይሉን ስምና ከፋይሉ ጋር የተጻፈውን መልእክት ነው፤ ሰነዱን ከፍቶ አያነብም። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ያወረድነው ፋይል ዳውንሎድስ ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ፎልደር ይቀመጣል። ኤጀንት ራንሳክን እዚያ ፎልደር ላይ መላክ ነው።

32. የመጨረሻው፣ ኮፒ በገጽ ስንት እንደሆነ የጠየቀ ነው። ክሩን ሳያነብ እንደመጣ ግልጽ ነው። በውስጥ መስመር መልሼለታለሁ።